ጥያቄና መልስ፦ ኬራቲን-14 እና የኦቫሪ ካንሰር መዛመት (ፓቶሎጂስቷን ጠይቁ)

ዶ/ር ስላይድ፦ ባለፈው ስለ ኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ካንሰር መዛመት ስጽፍ ኬራቲን-14 የሚባለው ፕሮቲን መዛመቱን እንደሚያግዝ በአንድ መስመር ጠቅሼ በማለፌ የመልእክት ሳጥኔ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ከታካሚ የተወሰደ ናሙና ተቆርጦ፣ ቀለም ገብቶበት፣ በመስታወት ላይ ሲመጣልኝ አይቼ ስሙን እሰጣለሁ። ታካሚ አልመረምርም፣ ኬሞም አላዝም። ስለዚህ ከወዲሁ ሁለት ነገር ልበል። በስልክ ፎቶ ተነስቶ የተላከልኝን ውጤት አላነብም። ስለ ኬራቲን-14 የምናገረው ደግሞ በአብዛኛው በላቦራቶሪ ሳህን ባደጉ ሴሎችና በአይጥ ላይ የታየ ነው፤ ነገ ጠዋት ሐኪም የሚያዘው ምርመራም መድኃኒትም የለውም። ይህን ስደጋግመው እንዳትሰለቹኝ፤ የምደግመው ስለምትደጋግሙ ነው።

ሰናይት ከአያት፦ ዶክተር፣ በቅድሚያ እናመሰግናለን። እኔ ኬራቲን የማውቀው ለፀጉርና ለጥፍር ነው። ኦቫሪ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

ዶ/ር ስላይድ፦ ከዚህ መጀመራችን ጥሩ ነው። ኬራቲን አንድ ፕሮቲን አይደለም፣ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ሰው 54 የኬራቲን ጂኖች አሉት። ፀጉርና ጥፍር የሚሠሩት ጠንካሮቹ ናቸው። የቀሩት በቆዳ፣ በአንጀት፣ በጡት ቱቦ፣ በማህፀን ሽፋን ሴሎች ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ያለ ማገር እንደማይቆም ሁሉ ሴልም ውስጡ በክር የተሳሰረ ነው። ክሮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ቀጭኑ አክቲን ይባላል፣ ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ሴል ሲንቀሳቀስ የሚገፋውና የሚጎትተው እሱ ነው። ወፍራሙ ማይክሮቲዩብ 25 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ወገን ይስባል። በሁለቱ መካከል 10 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የኬራቲን ክር አለ። የእሱ ሥራ ሴሉ ሲሳብ፣ ሲታሽ፣ ሲጨመቅ እንዳይበጠስ መያዝ ነው።

ኬራቲን ብቻውን ክር አይሆንም፣ ጥንድ ይፈልጋል። 8 ከ18 ጋር ይሄዳል፣ 5 ከ14 ጋር። አምስትና አሥራ አራት የቆዳችንን የታችኛውን ረድፍ ሴሎች የሚይዙ ናቸው። ምን ያህል እንደሚይዙ ያሳወቀን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የኬራቲን-14 ጂን ስህተት ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ሲምፕሌክስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ጫማው ትንሽ ከፈተገው፣ ልብሱ ካሻሸው፣ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል። ክሩ ስላልያዘ ሴሉ ራሱ ይቀደዳል።

ወደ ኦቫሪ ስንመጣ፣ የኦቫሪ ካንሰር ሴሎች አብዛኞቹ 7፣ 8፣ 18 እና 19ን ይይዛሉ። ጥቂቶቹ ግን 14ን ያወጣሉ። ጉዳዩ ስለነዚህ ጥቂቶች ነው።

ሚኪ ባዮኬም፦ ጥናቱ የማን ነው? ጥቂት ሴሎች ላይ ታየ ማለትና እነሱ ናቸው ሥራውን የሚሠሩት ማለት የተለያየ ነገር ነው። እንዴት አረጋገጡ?

ዶ/ር ስላይድ፦ ይኸው ያነበበ ሰው ጥያቄ። ሥራው የወጣው ከአውስትራሊያ፣ ከሜልበርኑ ሃድሰን የሕክምና ምርምር ተቋም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019። ቢላንዲችና ስቲቨንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ነው።

መጀመሪያ ግን የኦቫሪ ካንሰር እንዴት እንደሚዛመት ካልገባን ጥናቱ አይገባንም። የጡት ወይም የሳንባ ካንሰር ዋና መንገዱ ደምና ሊምፍ ነው። የኦቫሪው በዋናነት እንደዚያ አይሄድም። ሴሎቹ ከዕጢው ተላቀው በሆድ ዕቃ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ለየብቻ ሳይሆን ተጣብቀው፣ ክብ ክብ ጉብጉብ እየሠሩ ነው፤ ስፌሮይድ እንላቸዋለን። ፈሳሹ ስንተነፍስ ይዘዋወራል፣ እስከ ድያፍራም ሥር ድረስ ይወጣል። ጉብጉቦቹ አብረው ይሄዱና ያረፉበት ይቀራሉ፦ በቀኝ ድያፍራም ሥር፣ ከማህፀን ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ግን በሞራው ላይ። በግ ሲታረድ ሞራውን ያየ ሰው የምለውን ያውቃል፤ እንደ መረብ የተዘረጋው ስብ። የሴትየዋ ሞራ ለምርመራ ሲመጣልኝ ጤነኛው እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ነው። ካንሰር የያዘው ደርቆ፣ ወፍሮ፣ ቢላዋ ሲነካው የሚንቋቋ ይሆናል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2011 እንዳሳዩት የሞራው የስብ ሴሎች ለካንሰሩ ሴሎች ስብ እያቀበሉ ይመግቧቸዋል።

ማረፍ ግን መግባት አይደለም። የሆድ ዕቃ በሙሉ ሜሶቴሊየም በሚባል አንድ ረድፍ ሴል ተሸፍኗል። ጉብጉቡ መጀመሪያ ይጣበቃል፤ በዚህ ጊዜ በካንሰሩ ሴል ላይ ያለው ሲኤ-125 የሚባል ፕሮቲን በሽፋኑ ላይ ካለው ሜሶቴሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ከዚያ ሽፋኑን ገፍቶ መክፈት አለበት። በ2011 የሃርቫርዷ ጆን ብሩጅ ቡድን ጉብጉቦቹ ማዮሲን የሚባለውን ፕሮቲን ተጠቅመው የሽፋኑን ሴሎች በጉልበት ወደ ጎን እንደሚገፉ አሳየ። ሜልበርኖች ደግሞ «ከጉብጉቡ ሴሎች መካከል በር ከፋቹ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሳህን ላይ የሽፋን ሴሎችን አነጠፉ፣ ጉብጉቦቹን ጣሉባቸው፣ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። ሽፋኑ በሚከፈትበት ጠርዝ ላይ ኬራቲን-14 ያላቸው ሴሎች ተገኙ። መሪ ሴሎች ይሏቸዋል። የሚኪ ጥያቄ የሚመለሰው ግን ቀጥሎ ባደረጉት ነው። ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ የኬራቲን-14ን ጂን ቆርጠው አወጡት። ሴሎቹ አልሞቱም፤ እንደ ወትሮው ይኖራሉ፣ ይራባሉ። ሽፋኑን ሰብሮ መግባት ግን ተሳናቸው። ዕድገቱን ሳይነካ ወረራውን ብቻ ነጥሎ ያስቆመ ማለት ነው። በአይጥ ሆድ ውስጥም መሪዎቹ ሴሎች በሚወረረው ቦታ ላይ ተገኝተዋል።

ነገሩ ከዜሮ የመጣ አይደለም። በ2013 የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች በጡት ካንሰር ላይ እንዲሁ ኬራቲን-14 ያላቸው ሴሎች ከፊት ሆነው ሌሎቹን ሲመሩ አይተዋል። በ2024 ደግሞ ከአውስትራሊያ በወጣ የአይጥ ጥናት እነዚህ ሴሎች የሰውነትን የመከላከያ ሠራዊት ጭምር እንደሚያዳክሙ ተጽፏል። ሳህንና አይጥ። አሁንም ሳህንና አይጥ።

ሃና ቢዩቲ፦ ዶክተርዬ፣ እኔ ሳሎን አለኝ፣ ለደንበኞች ኬራቲን እሠራለሁ። ይሄን አንብቤ ደነገጥኩ። ካንሰር ያመጣል ማለት ነው?

ዶ/ር ስላይድ፦ አያመጣም። የሳሎኑ ኬራቲን ከፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ኬራቲን-14 አይሆንም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አንዳንዱ ፀጉር ማለስለሻ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ ይለቃል። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ የተያያዘው ከአፍንጫ ጀርባ ካለው የጉሮሮ ክፍል ካንሰርና ከደም ካንሰር ጋር ነው እንጂ ከኦቫሪ ጋር አይደለም። መስኮት ክፈቺ። ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሺው አንቺ ነሽ፣ ደንበኛሽ ጨርሳ ትሄዳለች።

ሀብታሙ፦ የካንሰር ምልክቱ ምንድን ነው ዶክተር?

ዶ/ር ስላይድ፦ የየትኛው ካንሰር?

ሀብታሙ፦ ያው በአጠቃላይ።

ዶ/ር ስላይድ፦ በአጠቃላይ የሚባል ካንሰር የለም። የኦቫሪውን ከሆነ፦ አዲስ የመጣና የማይለቅ የሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት። ሴትየዋ «ጨጓራዬ ነው» ትላለች፣ ቤተሰቡም ጨጓራ ነው ይላል፣ ፋርማሲውም የጨጓራ ይሰጣታል። አንዲት ከ50 ዓመት ያለፈች ሴት በፊት ያልነበረባት የሆድ መነፋት ሳምንታት ከቆየባት አልትራሳውንድ ትነሳ።

ሊዲያ፦ እኔ የማህፀን ጫፍ ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተብያለሁ፤ እንግዲህ አያሰጋኝም አይደል?

ዶ/ር ስላይድ፦ የማህፀን ጫፍ ምርመራ ኦቫሪን አያይም። ሌላ አካል፣ ሌላ በሽታ። የማህፀን ጫፍ ካንሰር በኤችፒቪ ቫይረስ ይመጣል፣ ክትባት አለው፣ ቀድሞ የሚያዝበት ምርመራ አለው። ኦቫሪ ሦስቱም የለውም። ምርመራውን ማድረግሽ ግን ደግ ነው፣ ቀጥይበት።

ወንድም ከዳላስ፦ ሰላም ዶክተር። እናቴ ደሴ ናት። ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ሲኤ-125 ሲለካ 480 ሆነ። አልትራሳውንድ የሠራላት «ኦቫሪ ሊሆን ይችላል» ብሏል። ዘመድ ሁሉ እያለቀሰ ነው። ደረጃ ስንት ነው ማለት ነው? ኬራቲን-14 ይመርመርላት?

ዶ/ር ስላይድ፦ ወንድሜ፣ ለእናትህ እግዜር ምሕረቱን ይላክ። አሁን በጥሞና አንብበኝ። ገና ስም ላልተሰጠው በሽታ ደረጃ አይወጣለትም።

ከላይ የጠቀስኩት ሲኤ-125 በደም ሲለካ ከ35 በላይ ሲሆን ከፍ አለ እንላለን። ነገር ግን የሆድ ዕቃን ሽፋን ያስቆጣ ነገር ሁሉ ከፍ ያደርገዋል፦ የጉበት በሽታ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ)፣ እርግዝና፣ የወር አበባ እንኳ ትንሽ ያነሳዋል። በእኛ አገር ደግሞ ማንም የማይረሳው መሆን ያለበት አለ፦ የሆድ ቲቢ። የሆድ ቲቢ ውሃ ያስቋጥራል፣ ያከሳል፣ ሞራውን ያወፍራል፣ ሲኤ-125ን በመቶዎች ያወጣዋል። በሲቲ ሲታይ የተዛመተ የኦቫሪ ካንሰር ይመስላል። በዓለም ዙሪያ ለካንሰር ተብሎ ሆዳቸው ተከፍቶ ቲቢ የተገኘባቸው ሴቶች በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተጽፈዋል። ቲቢ ደግሞ በክኒን ይድናል። ያንን አጋጣሚ በለቅሶ እንዳታሳልፉት።

ይህ ማለት እናትህ ቲቢ ናት ማለት አይደለም። ካንሰርም ልትሆን ትችላለች። ማለቴ፦ ከሆዷ ውሃ ይቀዳ፣ ሴሎቹ ይታዩ፤ ካልበቃ ከሞራው ወይም ከሽፋኑ ናሙና ይወሰድ። በመስታወት ላይ ሲታይ ሁለቱ አይምታቱም። ካንሰር ከሆነም ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነው ኬራቲን የሚያስፈልገኝ፤ 14 ግን አይደለም። 7 እና 20ን አስቀባለሁ። የኦቫሪው በተለምዶ 7 ይቀባል፣ 20 አይቀባም። የደንዳኔው በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ከዚያ ፓክስ-8 እና ደብሊውቲ-1 ለሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች የሚሆን ቀለም እጨምራለሁ። የጨጓራ ካንሰር ኦቫሪ ላይ ሄዶ የሚያድግበት ጊዜም አለ፣ ክሩከንበርግ እንለዋለን፤ ኦቫሪ ላይ የተገኘ ሁሉ የኦቫሪ አይደለም። ሕክምናቸው ይለያያል። ናሙና ሳይታይ ስም አይሰጥም።

እማማ ዝናሽ፦ ልጄ፣ ውሃ የቋጠረ ሆድ ጠበል ይዘው ሲሄዱ ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ። ሆስፒታል ከወሰዷት ቢላዋ ይነካትና ይዛመትባታል።

ሚኪ ባዮኬም፦ እማማ፣ ይሄ ነው ሰው የሚጨርሰው። በቢላዋ ይዛመታል የሚል ወሬ!

እማማ ዝናሽ፦ አንተ ልጅ፣ እኔ ከአንተ መጽሐፍ በፊት ሰው ቀብሬአለሁ። ቀስ በል።

የቡልጋ ልጅ፦ ጠበሉን ተዉትና፣ የባህል መድኃኒቱስ? ፈረንጆች ራሳቸው የካንሰር መድኃኒታቸውን ከዛፍ ቅርፊት አይደል የሠሩት? የኛ ሲሆን ነው የሚናቀው።

ሚኪ ባዮኬም፦ ከዛፍ ወጣ ማለትና ቅርፊት አኝክ ማለት አንድ አይደለም።

የቡልጋ ልጅ፦ አኝክ ያለ የለም። ይጠና ነው ያልኩት።

ዶ/ር ስላይድ፦ ቆይ፣ ቆይ። እማማ፣ ጠበሉን ማንም አልከለከለም፤ ጠበልም ይሂዱ፣ ናሙናም ይሰጡ። የሚዛመተው ግን ሳይከፈት በፊት ነው፤ ከላይ እንደጻፍኩት ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ። ሐኪሙ ሲከፍት ያገኘዋል እንጂ አያመጣውም።

የቡልጋ ልጅ ስለ ቅርፊቱ ያልከው እውነት ነው፣ ከርእሳችንም አይወጣም። ፓክሊታክሴል የተገኘው የፓስፊክ የው ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። ኬሚካላዊ ቅርጹ በ1971 ታተመ። በ1979 ሱዛን ሆርዊትዝ እንዴት እንደሚሠራ አሳየች፦ ማይክሮቲዩቡን ያደርቀዋል፣ ሴሉ መከፈል ያቅተዋል። አሜሪካ በ1992 መጨረሻ የፈቀደችው ለኦቫሪ ካንሰር ነው። ዛሬም ከካርቦፕላቲን ጋር የመጀመሪያው መስመር ኬሞ እሱ ነው። ስለዚህ የሴሉን ማገር የሚመታ መድኃኒት ሲኖረን ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሆነን። ከቅርፊት እስከ መርፌ የሄደው ግን መጠኑ እየተለካ ነው። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ዳማከሴም ሌላ ቅጠልም የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሟ ትንገር፤ ጉበት ላይ የሚጋጭ ሊኖር ይችላል። ስለ ባህል መድኃኒት በዚህ ይብቃን።

ቤዛ፦ እንግዲያው ኬራቲን-14ን የሚያጠፋ መድኃኒት ለምን አይሠሩም? ጂኑን ሲያወጡት ካቆመ መድኃኒትም ያቆመዋል።

ዶ/ር ስላይድ፦ የቆዳሽን የታችኛውን ረድፍ አስታውሺ። ኬራቲን-14 ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው አይጦች ቆዳቸው እየተላጠ ይሠቃያሉ። መላ ሰውነት ላይ ብናጠፋው ካንሰሩን ትተን ቆዳውን ነው የምናክመው። ሌላም አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ መድኃኒቶች የሚሠሩት የኤንዛይም ሥራ የሚካሄድበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ገብተው በመዝጋት ነው። ኬራቲን ኤንዛይም አይደለም፣ ክር ነው፤ የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። የኔ ግምት፣ ግምት ነው ብዬሻለሁ፣ የሚያዋጣው መሪዎቹን ሴሎች ለይቶ ማወቂያ ማድረግ፣ ወይም ኬራቲን-14ን እንዲያወጡ የሚያዛቸውን ምልክት ፈልጎ መቁረጥ ነው። መሪው ከሌለ ጉብጉቡ ፈሳሹ ላይ ይቀራል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ኬሞ ያገኘዋል። በወረቀት ሲታይ ያምራል።

ዳዊት አ.፦ ኬራቲን-14 ምርመራ አዲስ አበባ የት ይገኛል?

ዶ/ር ስላይድ፦ ከላይ ተመልሷል።

ዳዊት አ.፦ አላየሁትም፣ ዋጋውስ?

ዶ/ር ስላይድ፦ ዳዊት፣ ቀለሙ ያላቸው ላቦራቶሪዎች ለሌላ ጉዳይ ይጠቀሙበታል። ለኦቫሪ ካንሰር ተቀብቶ ቢወጣም ባይወጣም ሕክምናው አይለወጥም። ገንዘብህን ለሲቲ አስቀምጠው።

ብርሃን ከአሽዶድ፦ ሻሎም ዶክተር። እኔ እስራኤል ነኝ፣ እህቴ በ44 ዓመቷ በኦቫሪ ካንሰር አረፈች። እዚህ ሁሉም ስለ ብራካ ያወራል። አንድ ምርመራ አድርጌ ንጹሕ ነሽ ተባልኩ። ልተኛ?

ዶ/ር ስላይድ፦ እህትሽን ነፍስ ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። ለሌሎቻችሁ፣ ብራካ የምንላቸው ሲበላሹ የጡትና የኦቫሪ ካንሰር አደጋን ከፍ የሚያደርጉ ሁለት ጂኖች ናቸው። ብርሃን፣ የተደረገልሽ ምርመራ ምን እንደሆነ ወረቀቱን አውጪና እዪ። አሽኬናዚ በሚባሉት መነሻቸው አውሮፓ በሆነ አይሁዶች ላይ ከ40 ሰው አንዱ ገደማ ከሦስት የታወቁ የብራካ ለውጦች አንዱን ይይዛል። ስለዚህ ሦስቱን ብቻ የሚያይ አጭር ምርመራ አለ። እነዚህ ለውጦች ከአሽኬናዚ የዘር ግንድ ጋር የሄዱ ናቸው፤ ለቤተ እስራኤል ልጅ ሦስቱ የሉሽም መባል ብዙም አይነግርም። የዘረ መል አማካሪዋን «ሁለቱም ጂኖች ከዳር እስከ ዳር ተነበቡልኝ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እህት በ44 ዓመት ከሆነ ይገባሻል። ይህ ጥያቄ ከዛሬው የኬራቲን ወሬ ሁሉ የበለጠ ጥቅም አለው፤ የብራካ ለውጥ ያላት ሴት ወልዳ ስትጨርስ ቱቦዋንና ኦቫሪዋን በማስወጣት አደጋውን በእጅጉ ትቀንሳለች። በሽታው ቢመጣም ኦላፓሪብን የመሰሉ መድኃኒቶች ለእሷ ዓይነቱ በተለይ ይሠራሉ።

ብርሃን ከአሽዶድ፦ ቱቦዋንም ጭምር? ለምን?

ዶ/ር ስላይድ፦ ምክንያቱም ዋናውና ክፉው ዓይነት፣ ሃይ ግሬድ ሲረስ የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከማህፀን ቱቦ ጫፍ ነው። የብራካ ለውጥ ስላላቸው ጤነኛ ሆነው ያስወጡ ሴቶች ቱቦ በጥንቃቄ ሲቆራረጥ ጫፉ ላይ ጥቃቅን የካንሰር መነሻዎች ተገኙ። ፒ-53 ጂናቸው የተበላሸ ነው። በ2011 የወጣው የአሜሪካ ትልቅ የዘረ መል ጥናት ከዚህ ዓይነቱ ካንሰር 96 በመቶው ላይ ፒ-53 ተበላሽቶ አግኝቷል። ቱቦ ስቆርጥ ጫፉን ያለ ምንም ማዘን በደቃቁ ነው የምከትፈው፤ መነሻው ከሁለት ሚሊሜትር ያነሰ ሊሆን ስለሚችል።

ሊዲያ፦ በየዓመቱ አልትራሳውንድና ሲኤ-125 ባደርግ ቀድሞ አይያዝም?

ዶ/ር ስላይድ፦ እንግሊዞች ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ሞከሩት፣ ውጤቱ በ2021 ወጣ። ሞትን አልቀነሰም። ምልክት የሌላት፣ የቤተሰብ ታሪክ የሌላት ሴት በየዓመቱ ሲኤ-125 አትለካ። ያለ ነገር ሆዷ ይከፈታል።

ማርታ ከስቶክሆልም፦ የሕፃን ፓውደርስ?

ዶ/ር ስላይድ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም በ2024 ታልክን፣ ማለትም ብዙ ፓውደር የሚሠራበትን ማዕድን፣ «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚለው ወደ «ሊሆን የሚችልበት ዕድል ሰፊ» ወደሚለው ምድብ አሳደገው። ታች አካባቢ አትነስንሱት።

ወንድም ከዳላስ፦ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ሰኞ ውሃው ይቀዳል ብለዋል። አንድ ጥያቄ፣ ለእናቴ ምን ብለን እንንገራት? ቤተሰቡ «ጨጓራ በሏት» እያለ ነው።

እማማ ዝናሽ፦ አትንገሯት። ስሙን ከሰማች ያን ቀን ነው የምትሞተው።

ቤዛ፦ ለእኔ እናት አልነገርናትም ነበር። ፀጉሯ ሲረግፍ «ለጨጓራ ነው ፀጉር የሚረግፈው?» ብላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችንም። ዛሬም ይቆጨኛል።

የቡልጋ ልጅ፦ ሰው በሰው ነው። የኔ አባት ቢነገረው ምግብ ያቆም ነበር።

ሚኪ ባዮኬም፦ የራሷ ሰውነት ነው፣ የማወቅ መብት አላት።

የቡልጋ ልጅ፦ መብት መብት አትበል፣ እናት አለችህ?

ዶ/ር ስላይድ፦ ይህ ከማይክሮስኮፕ ውጭ ነው፣ ዳኛ አታድርጉኝ። ለወንድማችን ግን አንድ ነገር፦ ሰኞ የምትነግሯት ካንሰር የሚባል ነገር ገና የለም። «ሆድሽ ለምን ውሃ እንደያዘ ሊያዩ ነው» በሏት፣ ሐቅ ነው። የቀረውን ውጤቱ ሲመጣ ተጨቃጨቁ።

ሰናይት ከአያት፦ ዶክተር፣ የመጨረሻ። አክስቴ ባለፈው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ናሙናውን እኛው ወደ ላቦራቶሪ ወሰድነው። «ተበላሽቷል፣ አይነበብም» አሉን። ያ ሁሉ ቢላዋ በከንቱ ሆነ።

ዶ/ር ስላይድ፦ በምን ይዛችሁ ሄዳችሁ?

ሰናይት ከአያት፦ በሃይላንድ። አንገቱን ቆርጠን። ውስጡ ያለው ውሃ ይሁን መድኃኒት አላውቅም፣ ከሆስፒታሉ የሰጡን ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ላቦራቶሪው ዝግ ስለነበር ሰኞ ወሰድነው።

ዶ/ር ስላይድ፦ ይህ ነገር ደሜን ያፈላዋል፣ የአንቺ ጥፋት ስላልሆነ በአንቺ ላይ አይደለም። ሥጋ ከሰውነት በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። የሚያቆመው ፎርማሊን ነው፣ 10 በመቶው። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን። ውሃ፣ ግሉኮስ፣ አልኮል አይተካውም። አፉ ሰፊ ዕቃ ይሁን፤ በጠባብ አንገት የተጨቆነ ሞራ ፎርማሊን ሲያገኘው ይደርቅና አይወጣም፣ ተቀዳዶ ነው የሚደርሰኝ። ትልቅ ዕጢ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ወይም ላቦራቶሪው በቶሎ ይሰንጥቀው፣ አለዚያ ውስጡ ሳይነካ ይበሰብሳል። ከ6 ሰዓት በታች ከቆየ አልበሰለም፣ ከ72 ሰዓት በላይ ከቆየ ደግሞ የኬራቲኑም የሌላውም ቀለም እየደከመ ይሄዳል። ክሪስፐር፣ መሪ ሴል፣ አይጥ ስንል የዋልንበት ሁሉ በዚህ ዕቃ ላይ ነው የሚቆመው።

አሁን ለአክስትሽ፦ ላቦራቶሪው «አይነበብም» ቢልም ሥጋውን ውስጡ አድርጎ የሠራው የሰም ብሎክ ሊኖር ይችላል። ብሎኩንና መስታወቶቹን ጠይቂ፣ ለሁለተኛ ፓቶሎጂስት ይታይ። ከጫፍ ከጫፉ የተረፈ ደህና ቦታ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከሌለ ሆዷን እንደገና መክፈት ላያስፈልግ ይችላል፤ ውሃ ካለ ከውሃው፣ ከሌለ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይወሰዳል።

ሰናይት ከአያት፦ ነገውኑ እሄዳለሁ። ዕቃውን ማን ነው የሚሰጠኝ?

ዶ/ር ስላይድ፦ ላቦራቶሪው። ከቀጠሮው በፊት ሂጂና ፎርማሊን ያለበትን ዕቃ ከእነሱ ተቀበዪ። ስሟን፣ የካርድ ቁጥሯን፣ ከየት እንደተወሰደና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ጻፊ። ክዳን ይቀያየራል።

ዳዊት አ.፦ ዶክተር፣ ኬራቲን-14 በክኒን መልክ ይሸጣል የሚል ቪዲዮ አየሁ፣ እውነት ነው?

ዶ/ር ስላይድ፦ ዳዊት!